ጎንበስ ሲሉ የሚሸሸው ቡችላ

የውይይት ክሩ (አንድ ጥያቄና ከሥሩ የተከታተሉት ምላሾች) የተከፈተው በሐምሌ፣ ዝናቡ በበረታበት ሰሞን ነው። ጠያቂው አዲስ አበባ፣ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። ከአስፋልት ዳር ያነሳው ወንድ ቡችላ ቤት ከገባ 2 ሳምንት ሆኖታል፤ ዕድሜውን ወደ 3 ወር ይገምተዋል። ችግሩን በአጭሩ ነው ያስቀመጠው፦ ገመድ ሲታሰርለት መሬት ላይ ይለጠፋል፣ ደረጃውን ታቅፈውት ካልሆነ አይወጣም፣ ሰው ጎንበስ ሲል ሽንቱን ለቆ አልጋ ሥር ይገባል፣ ለሚኒባስ ጥሩምባ ግን ጆሮውን እንኳ አያቆምም። ያሰበው መፍትሔ በየቀኑ በመኪና ወደ መገናኛ እየወሰደ ታክሲ ተራው መሃል እስኪለምድ ድረስ ማቆም ነው። ሐሳቡ ልክ ነው ወይ፣ ጊዜውስ አላለፈም ወይ ብሎ ይጠይቃል።

21 ምላሽ መጥቶለታል። የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ጠያቂውን እርስዎ ይሉታል፤ ከምላሽ 4 በኋላ አንተ ሆኗል። መሃል ላይ ሲደረስ መላሾቹ እርስ በርስ በቁጥር ብቻ ነው የሚጠራሩት።

ምላሽ 1 የሚጀምረው ከጥርስ ነው። በ3 ወር ቡችላ አፍ ውስጥ በአብዛኛው ያለው የወተት ጥርስ ነው፤ ሲሞላ 28 ይሆናል፣ ክራንቻውም እንደ መርፌ የቀጠነ ነው። የፊት ጥርሶች ከ3 እስከ 5 ወር ባለው ጊዜ ይቀየራሉ፣ ክራንቻው በ5ኛውና በ6ኛው ወር ገደማ፣ 42ቱም ቋሚ ጥርሶች በ7 ወር አካባቢ ይሟላሉ። ስለዚህ ጠያቂው በቁመት ከመገመት ከንፈሩን ገለጥ አድርጎ ይመልከት፤ በረሃብ የቀነጨረ የመንገድ ቡችላ 6 ወር ሆኖት 3 ይመስላል። ዕድሜው የተፈለገበትም ምክንያት አለ። ቡችላ ሰውን፣ ድምፅንና እንግዳ ነገርን ብዙ ሳይጠራጠር የሚቀበለው ከ3ኛው ሳምንት አንስቶ እስከ 12ኛው፣ ቢበዛ 14ኛው ሳምንት ድረስ ነው። ያ ካለፈ ሥራው ይለወጣል፤ አዲስ ነገር ማስተዋወቅ ሳይሆን ቡችላው አስቀድሞ የያዘውን ሐሳብ ማስቀየር ይሆናል፣ በቀን የሚያልቀውም በሳምንታት ይለካል። ከ6 ወር በኋላ ደግሞ ትናንት ያልፈራውን ነገር ዛሬ የሚፈራበት ሁለተኛ ዙር ይመጣል። ያኔ ልምምዱ ከሸፈ ብሎ ማቆም እንዳይኖር ከወዲሁ አሳስቧል።

ምላሽ 2 አጭርና ትሁት ነው፤ ጸሐፊው የእንስሳት ሐኪም ለመሆኑ አነጋገሩ ያስታውቃል። ከሁሉ በፊት ክትባት ይላል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከ3 ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል፣ ከዓመት በኋላ ይደገማል። ለዲስቴምፐርና ለፓርቮ (ቡችላን ለሚገድሉ ሁለት ተላላፊ በሽታዎች) የሚሰጠው ቅይጥ ክትባት፣ ከ16 ሳምንት ላለፈ ቡችላ፣ በ3 ወይም በ4 ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ቢሰጥ ይመረጣል። እስከዚያ ቤት ይዘጋበት አላለም፤ ሌሎች ውሾች የሚጸዳዱበትን ሳርና የቆሻሻ ገንዳ ዙሪያ እንዳይረግጥ፣ ታቅፈውት ወይም ከመኪና ውስጥ ሆኖ ሰፈሩን እንዲያይ ነው የመከረው። ቡችላው እስካሁን ጥርሱን ያሳረፈበት ሰው ካለ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ፤ ጠበሉም ሆነ የባህል መድኃኒቱ ክትባቱን እንዳያዘገየው።

ትሕትናው ምላሽ 3 ላይ መቀነስ ይጀምራል። መላሹ የመገናኛውን ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጣለውና ለምን እንደጣለው ረዘም አድርጎ ጻፈ። መሬት ላይ የተለጠፈ ቡችላ ለምዶ ሳይሆን ተስፋ ቆርጦ ነው የተለጠፈው፤ ባለቤቱ ዝምታውን እንደ እሺታ ይቆጥረዋል፣ ከሳምንታት በኋላ ንክሻው ሲመጣ ድንገተኛ ይመስለዋል። ምግብ ሳይኖር ከንፈር መላስ፣ እንቅልፍ ሳይኖር ማዛጋት፣ አንድ የፊት እግር አንስቶ መቅረት፣ ጭራን ሆድ ሥር መወሸቅ፣ ጭንቅላትን ሳያዞሩ በዓይን ጥግ መመልከትና የዓይን ነጩ መታየት፣ ከሁሉም ይልቅ ቤት ውስጥ የሚወደውን ምግብ ደጅ ላይ አለመቀበል፣ እነዚህ ሲታዩ ቡችላው ለሚያስፈራው ነገር ከሚገባው በላይ ቀርቧል ማለት ነው። መሄጃው አቅጣጫ ወደ ኋላ ብቻ ነው። በ1961 እ.ኤ.አ. ፍሪድማን፣ ኪንግና ኤሊየት ያወጡትን ጥናትም ጠቅሷል። አጥር ባለው ሜዳ ከሰው ርቀው ያደጉ ቡችሎች ናቸው፤ እስከ 14ኛው ሳምንት ሰው ያልቀረባቸው በኋላ ከሰው ጋር ለመላመድ እጅግ ተቸግረዋል። ከዚያ አንድ ጥሩ ነገር አከለ፦ የአዲስ አበባ የመንገድ ቡችላ እንደነዚያ ሰው ያላየ አይደለም። አይቷል፤ ያየው ግን ድንጋይ የያዘውን ነው።

ምላሽ 4 ሌላ ዓለም ነው። ውሻ የሚያዘው ለጥበቃ ነው፣ ሰው የለመደ ውሻ ሌባውንም ይላሳል፣ ቀን በሰንሰለት አስሮ ጨለማ ቤት ማዋልና ማታ መልቀቅ አባቶቻችን ያወቁት ዘዴ ነው የሚል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ምን ዓይነት ሌባ እንደሚጠበቅ አልጻፈም።

ምላሽ 5 ንዴቱን አልደበቀም። ውሻ በበላበት ይጮኻል የሚለውን የራሳችንን ተረት ጠቅሶ፣ ለመጮኽ ክፋት አያስፈልግም፣ ጥሩ የለመደ ውሻ እንግዳ ኮቴ ሲሰማ ይጮኻል፣ ባለቤቱ ሲመጣ ያቆማል ይላል። ጨለማ ውስጥ የዋለው ግን ማንን እንደሚነክስ አይመርጥም፤ ቅርብ የሚገኘው ደግሞ የጎረቤት ልጅ ነው። ከዚያ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 አመጣ፤ እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው፣ አምልጦ ቢሆንም፣ ጉዳቱ አስቀድሞ የማይታሰብ ቢሆንም። ምላሽ 4 ተመልሶ አልመጣም።

የክሩ ዋና ነገር ያለው ምላሽ 6 ላይ ይመስለኛል። መላሹ ጥያቄውን ራሱን ያርማል። ለከተማ ሕይወት ማላመድ የሚለው አነጋገር ቡችላው ከገጠር የመጣ ያስመስለዋል፤ ይህ ቡችላ ግን ከተማውን ከባለቤቱ በላይ ያውቀዋል። የሚኒባስ ጥሩምባ፣ የረዳቱ ጩኸት፣ የቆራሌውና የልዋጩ ጥሪ፣ ባጃጅ፣ እንጨት የጫነ አህያ፣ ሁሉም ለእሱ እንደ ነፋስ ነው። የማያውቀው የቤቱን ነገር ነው፤ የሚያንሸራትተውን ሴራሚክ፣ የሚዘጋውን በር፣ ደረጃውን፣ ገመዱን። ገመዱ ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። መንገድ ላይ የተማረው መዳኛ አንድ ብቻ ነው፣ መሸሽ። ከድንጋይ የዳነውም ከጎማ የዳነውም ሸሽቶ ነው። ገመድ ያንን አንድ መዳኛ ነጠቀው። ስለዚህ ትናንት ግድ ያልሰጠው አውቶቡስ ዛሬ በገመድ ሲታሰር ሊያስፈራው ይችላል፤ አውቶቡሱ አልተለወጠም፣ ማምለጫው ነው የጠፋው። መሸሽ የተከለከለ እንስሳ የሚቀረው መፍዘዝ ወይም መንከስ ነው። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያው ወር ለገመድና ለሰው እጅ ይዋል፣ ለታክሲ ተራ ሳይሆን።

ምላሽ 7 ገመዱን በተራ በተራ አስቀመጠ። የአንገት ማሰሪያ ብቻውን አይበቃም፤ የፈራ ቡችላ ወደ ኋላ ሲጎትት ጭንቅላቱ ይሾልካል። ደረቱንና ትከሻውን የሚይዝ ማሰሪያ ይደረግለት፣ በማሰሪያውና በቆዳው መካከል ሁለት ጣት ይግባ፣ ደጅ ሲወጣ ከአንገቱም ከደረቱም ጋር የተያያዘ የ2 ሜትር ገመድ ይያዝ። የመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ማሰሪያው ምግብ ሳህኑ አጠገብ ይቀመጥ፣ ማንም አያንሳው። ከዚያ ጭንቅላቱን ራሱ እያሾለከ ምግብ እንዲወስድ በእጅ ከፍቶ መያዝ፤ ባለቤቱ አያጥልቅለት፣ እሱ ይግባበት። መቆለፊያው ቀጭ ሲል ይደነግጣል፤ ስለዚህ ሳይጠልቅለት በፊት ርቀት ላይ ቀጭ እያደረጉ መመገብ ያስፈልጋል። ሲለምደው ለ3 ደቂቃ፣ ለ10 ደቂቃ፣ በምግብ ሰዓት። ገመዱ መጀመሪያ ማንም ሳይዘው ወለል ላይ ይጎተት፤ ሲይዙትም ቡችላውን ይከተሉት እንጂ አይጎትቱት። ገመዱ ከተወጠረ ቆሞ መጠበቅ፣ ሲላላ ምግብ። ገመድን መዳፍ ላይ መጠምጠም አይቻልም፤ ድንገት ሲፈተለክ ጣት ይሰብራል።

ምላሽ 8 የክሩ ረጅሙ ነው፤ ርዕሱም ጎንበስ ማለት ነው። በእኛ ሰፈር ውሻ የሚያባርር ሰው ድንጋይ ባይኖር እንኳ ጎንበስ ይላል፣ ውሻውም ድንጋዩን አይጠብቅም። ይህንን እንቅስቃሴ ትርጉም ለማስቀየር መላሹ የሰጠው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። ከቡችላው 3 ሜትር ርቆ፣ ፊት ለፊት ሳይሆን በጎን ቆሞ፣ ጉልበትን ትንሽ አጠፍ አድርጎ ቀና ማለት፣ ወዲያው ቁራሽ ምግብ መወርወር። የሚወረወረው ከቡችላው ኋላ እንዲያርፍ ነው፤ ለመብላት ዞሮ ሲሄድ መራቅ እንደተፈቀደለት ያያል፣ ከዚያ በራሱ ይመለሳል። አወራወሩ ከታች ወደ ላይ፣ እንደ ብይ አንከባሎ ነው፤ ክንድ ከትከሻ በላይ ከተነሳ ያው ድንጋይ ነው። 5 ጊዜ አድርጎ ማረፍ፣ በቀን ሁለት ዙር፣ ከ10 ደቂቃ አይለፍ። ቡችላው ሰው ጉልበቱን ሲያጥፍ በጉጉት ማየት ሲጀምር እጅን እስከ ጉልበት ማውረድ፤ ከዚያ ባዶ እጅ መሬት መንካት፤ ከዚያ ጨርቅ ማንሳት፤ ከዚያ ጠጠር። ጠጠሩ ላይ ሲደርስ ርቀቱ እንደገና ወደ 3 ሜትር ይመለስ። ያው ሁሉ በሌላ የቤት ሰው፣ ከዚያ በእንግዳ፣ ከዚያ ደጅ ላይ ከአንድ ይጀመራል፤ ውሻ ሳሎን የተማረውን ወደ ግቢ ይዞ አይወጣም። በማንኛውም ደረጃ ምግቡን በ2 ሰከንድ ውስጥ ካላነሳ ሁለት ደረጃ ወደ ኋላ።

ምላሽ 9 ይህን አመስግኖ አንድ ትልቅ ስህተት እንዳይሠራ ያርመዋል። ምላሽ 8 ቅደም ተከተሉን በትክክል ጽፏል፤ ሰዎች ሲሠሩት ግን ይገለብጡታል። እጃቸው ፌስታል ውስጥ ይገባል፣ ፌስታሉ ይንኮሻኮሻል፣ ከዚያ ጎንበስ ይላሉ። በሳምንት ውስጥ ቡችላው የሚማረው ጎንበስ ማለት ጥሩ መሆኑን አይደለም፣ የፌስታል ድምፅ ክፉ ነገር እንደሚያመጣ ነው። ምግቡ ድምፅ በሌለው የጨርቅ ቦርሳ ወገብ ላይ ይሁን፣ እጅም ከቀና በኋላ ይግባ። መቅደም ያለበት የሚያስፈራው ነገር ነው፤ ምግቡ ይከተለዋል። ለዚህ ልምምድ ቡና የሚፈላበትን ሰዓት መምረጡ ደግሞ ብልሃት ነው፤ ሰዉ ሁሉ ዱካ ላይ ዝቅ ብሎ ተቀምጧል፣ ድንገት የሚነሳ የለም፣ የምታፈላዋ ሴት እጇ ሁልጊዜ ወደ መሬት ነው። ጨው ያልገባበት ፈንድሻም ከቤቱ አይጠፋም፤ ያልፈነዳው ፍሬ ግን ጥርስ ስለሚሰብር ይለቀም።

እዚህ ላይ ክሩ ወደ ማጀት ገባ። ምላሽ 10 ለልምምድ የሚሆነው ምግብ የሽንብራ ፍሬ የሚያክል የተቀቀለ ጉበት ወይም ሳንባ ነው ይላል፤ ርካሽ ነው፣ ሽታው ሩቅ ይሄዳል። ጥሬውን ግን በፍጹም። በከብትና በበግ ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት የሚፈጥረው ትል በውሻ ሆድ ውስጥ ያድጋል፣ ዕንቁላሉ ከውሻው ዓይነ ምድር ወደ ልጆች እጅ ይሻገራል። ስለዚህ 30 ደቂቃ መቀቀል፣ ለውሻውም በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ፕራዚኳንቴል የተባለውን የትል መድኃኒት በሐኪም ማሰጠት። ለልምምድ የሚሰጠው ከዕለቱ ምግብ ይቀነስ፣ ካልሆነ በወር ውስጥ ቡችላው ይወፍራል። ምላሽ 11 ውሻ ከጥንት ጀምሮ ወጥ ፍትፍት ሲበላ ኖሯል፣ ይህ ሁሉ የፈረንጅ ቅንጦት ነው አለ። ምላሽ 12 ሽንኩርቱን አስታወሰው፤ በኪሎ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ መጉዳት ይጀምራል፣ መቀቀሉም መርዙን አያጠፋውም። 8 ኪሎ ለሚመዝን ቡችላ ያ ማለት አንድ መካከለኛ ሽንኩርት ነው፣ የእኛ ወጥ ደግሞ በስንት ሽንኩርት እንደሚቁላላ ይታወቃል። ምላሽ 11 የራሱ ውሾች ምንም አልሆኑም ብሎ ሊቀጥል ሲል ሌላ መላሽ ስንቱ ውሻ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ሞቶ እንደተጣለ ጠየቀው። ቃላቱ ከዚህ የከረሩ ነበሩ።

ምላሽ 13 ወደ መንገዱ መለሰን። ገመድ የለመደ ቡችላ በሰፈሩ መንጋ ፊት ሲያልፍ ምን ይደረጋል? መንጋው እንግዳ ውሻን ከድንበሩ ያስወጣል፤ በገመድ የታሰረው መሸሽም መተኛትም ስለማይችል ጠቡ ይከራል። ባለቤቱ አይሩጥ፣ ቡችላውን ብድግ አያድርግ፤ መንጋው ወደ ላይ ይዘላል። ገመዱን ሳይወጥር በግማሽ ክብ ዞሮ ይለፍ፣ እፍኝ ምግብ ወደ መንጋው ይበትን። ካልሆነ ጎንበስ ይበል፤ መንጋው ይበተናል።

ምላሽ 14 ይህን መጨረሻውን አልወደደውም። ጎንበስ ሲባል የሚበተነው መንጋው ብቻ አይደለም፣ በገመድ የታሰረው ቡችላም በድንጋጤ ይፈናጠራል፤ ከምላሽ 8 ጋር የተደከመበት ሁሉ በአንድ ጠዋት ይፈርሳል። ክርክሩ ለሦስት አጫጭር መልእክቶች ከሄደ በኋላ የሚያስማማ ነገር ተገኘ። የምላሽ 8 ልምምድ እስከ ጠጠሩ ድረስ ደጅ ላይ ካለቀ፣ ጎንበስ ማለት መንጋውን የሚያባርር፣ የራስን ውሻ ግን የሚጠራ ምልክት ይሆናል። ሳያልቅ በፊት ደግሞ መንጋ የሌለበት ሰዓት ይመረጣል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ መንገዱ የውሾቹ ነው፣ በከተማው ዳር ዳር ደግሞ የጅብ፤ እሑድ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ጠዋት ሰውም መኪናም ውሻም ይቀላል። መንገድ ላይ የወደቀ ሥጋ እንዳያነሳ ተው የሚለውን ቃል ማስተማር እንደሚያስፈልግ በዚሁ ተጨምሯል፤ በመርዝ የተለወሰ ሥጋ ለመንገድ ውሻ የሚጣልበት ጊዜ አለ፣ መርዙ ባለቤት ያለውንና የሌለውን አይለይም።

ምላሽ 15 ስለ ጎረቤት ነው፣ በጥንቃቄ የተጻፈ። ሙስሊም ጎረቤት ለሶላት ሲወጣ የውሻ ምራቅ ልብሱን ከነካ ንጽሕናውን ያበላሽበታል፤ በሻፊዒ መዝሀብ (ከእስልምና የሕግ አስተምህሮዎች አንዱ በሆነው) ሰባት ጊዜ መታጠብ፣ አንዱም በአፈር መሆን አለበት። ስለዚህ ኮሪደር ላይ ገመዱ ያጥራል፣ ቡችላው በግድግዳው በኩል ይሆናል፣ ሰው እስኪያልፍ ይቆማል። ይህም ራሱ ልምምድ ነው፤ ሰው አለፈ፣ ምግብ መጣ። ለግቢው ልጆች ቡችላውን አትንኩ ማለት አይሠራም፤ ሥራ መስጠት ይሠራል። ሦስት ሜትር ርቀው፣ ሳያዩት፣ እያንዳንዳቸው ቁራሽ አንከባለው እንዲሄዱ። በዱላና በጋቢ የሚቀመጠው ዘበኛ ለብቻው ቀን ይያዝለት፤ ዱላውን መጀመሪያ ግድግዳ ላይ አስደግፎ።

ደረጃው በምላሽ 16 አለቀ፣ ብዙም አላከራከረም። ቡችላውን ተሸክሞ ከሥር ከመጨረሻው ደረጃ አንድ ከፍ ብሎ ማቆምና አንዷን ብቻ እንዲወርድ፣ ከዚያ ሁለት፤ ለመውጣትም እንዲሁ ከላይ አንድ ሲቀር ማስጀመር። ሁልጊዜ የሚያልቀው መድረሻው ላይ ነው። ሴራሚኩ ካንሸራተተ እርጥብ ጆንያ ማንጠፍ።

ምላሽ 17 በዓላቱን ቆጠረ። ከእንቁጣጣሽ እስከ ደመራ ያለው የርችት ሰሞን 2 ወር እንኳ አልቀረውም፤ የተቀዳ የርችት ድምፅ ከንግግር ባነሰ መጠን ምግብ ላይ ማሰማት አሁን ይጀመር፣ የሐምሌ ነጎድጓድ ግን መጠኑ ስለማይቀነስ ልምምድ አይሆንም። በዕለቱ መስኮት የሌለው ክፍል፣ የተከፈተ ሬዲዮ። የፈራን ውሻ ማቀፍ ፍርሃቱን አያባብስም፤ እሱ ራሱ ከመጣ ይታቀፍ። ለበዓል የሚነዳ በግ ሲያይ ደግሞ ልምምዱ ከሩቅ እንደ አዲስ ይጀመራል።

ምላሽ 18 በድንገት ባሌ ደረሰ። በእረኞች ውሾች በኩል የተሻገረ የእብድ ውሻ በሽታ የባሌን ቀይ ቀበሮዎች ደጋግሞ እንደጨረሰ፣ በመላ አገሪቱ ከ500 በታች የቀሩ እንስሳት እንደሆኑ፣ የከተማውም ክትባት የዚያው ጉዳይ አካል እንደሆነ ጻፈ። እውነት ነው፤ ቦታው ግን አልነበረም፣ አንዱ ክሩን ከርዕሱ አታውጣው ብሎ በአጭሩ ዘጋው።

ምላሽ 19 የጠያቂው ነው። ክራንቻውን አይቷል፤ ወፍራምና አዲስ ነው፣ ስለዚህ ቡችላው ወደ 6 ወር ነው። መገናኛን ትቶታል። የቀረው ጥያቄ የደረት ማሰሪያውን በርካሽ ማን ሊሰፋለት እንደሚችል ነው። ምላሽ 20 ቦርሳ ሰፊ ጋ የአሮጌ መኪና ቀበቶ ወስዶ እንዲያሰፋ መከረ። ምላሽ 21 የመኪና ቀበቶ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚሰፋ ለ8 ኪሎ ቡችላ ብብቱን እንደሚልጠው አስጠንቅቆ 2.5 ሴንቲ ሜትር የቦርሳ ማንገቻ ይሁን አለ፣ ገና ስለሚያድግ 10 ሴንቲ ሜትር ማስፊያ ተትቶለት፣ መቆለፊያው ከብብት 4 ጣት ርቆ። ለመለካት ቡችላውን ወደ ሰፊው አይውሰደው፤ ሰውዬው ሜትሩን ይዞ ጎንበስ ይልበታል። ቤት ውስጥ፣ ሲበላ፣ ደረቱን በሲባጎ ይለካና ሲባጎውን ብቻ ይዞ ይሂድ።